በራሱ አንገት የሚለካው ልብስ ሰፊ

ጋሼ ኮሌታ የሰው አንገት በሜትር ለክቶ አያውቅም። ደረትና ወገብ፣ ትከሻና እጅጌ እንደማንኛውም ልብስ ሰፊ በሜትር ይለካል። አንገት ላይ ሲደርስ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይልና ደንበኛውን ከፊት ያየዋል፣ ከጎን ያየዋል፣ «አንተ ከእኔ ሁለት ጣት ትቀጥናለህ» ይላል። ደንበኛው ሹም ከሆነ ደግሞ «ከእኔ አንድ ጣት ይወፍራሉ» ይላል፤ መወፈሩንም በአክብሮት ነው የሚነግረው። ከዚያ የኮሌታውን ጨርቅ በገዛ አንገቱ ዙሪያ ይጠመጥማል፣ በጠመኔ ጫር ያደርጋል፣ የደንበኛውን ጣት ይደምራል ወይም ይቀንሳል፣ ይቆርጣል። የአንድ ሰው ጣት አንዴ ከተወሰነ ተወሰነ ነው። ደንበኞቹን ሁሉ በየጣታቸው በቃሉ ያውቃቸዋል።

ይህን አሠራር ከማንም አልወረሰውም። የራሱ ስለሆነም በጣም ይኮራበታል። «ሜትር ሲቆይ ይለጠጣል፤ የጎለመሰ ሰው አንገት ግን እስኪሞት ያው ነው» ይል ነበር። ውሸት መሆኑን ማንኛውም የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሠርጉን ፎቶግራፍ አውጥቶ ሊያሳየው ይችል ነበር። ግን ማን ደፍሮ ፎቶውን ያወጣል? ደግሞስ ሸሚዙ አንገት ላይ ልክ ብሎ ሲቀመጥ ምን ያከራክራል? በከተማው ክራቫት የሚያስር ወንድ ሁሉ፣ ከባንክ ቤቱ ገንዘብ ከፋይ እስከ መሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር፣ ኮሌታው የጋሼ ኮሌታ ነበር። ስሙም ከዚያ ነው የወጣለት። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና ግብር ሰብሳቢው ብቻ ናቸው።

እንግዲህ አንገት ማበጥ ሲጀምር ደወል አይደውልም። እንደ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። የጋሼ ኮሌታ አንገት ከፊት ለፊት፣ ከማንቁርቱ ሥር፣ ዘንድሮ ጥቂት፣ ከርሞ ጥቂት እያለ ሞላ። ሌላ ሰው ቢሆን የሸሚዙ ቁልፍ አልዘጋ ሲለው ይነቃ ነበር። እሱ ግን የራሱን ሸሚዝ የሚሰፋው በራሱ አንገት ነው፤ ሁልጊዜ ልኩ ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል። የዚህ ሰውዬ ጉድ የመጣው ተረቱን አፍርሶ ከሰው ሁሉ ይልቅ ልኩን ስለለበሰ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ሚስቱ ነች። ሱቃቸው ከመንገዱ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ፣ ቁመቱ ረጅም ወርዱ ጠባብ ክፍል ነው። እሱ ከውስጥ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ዘንድ፤ እሷ መስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ ዘንድ። የቁልፍ ቀዳዳ የምትሰፋውም ቁልፍ የምትተክለውም እሷ ስለሆነች ከመርፌዋ ቀና ባለች ቁጥር የምታየው እሱን ነው። በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ደርቦ ካውያው ሥር ይሸጎጣል። ድምፁ ሻክሯል። ጠዋት ጠዋት ፊቱ እብጥ ይላል። የጀመረውን እጅጌ ሳይጨርስ የስፌት መኪናው ላይ እንዳቀረቀረ ያንቀላፋል።

«ሰውዬ፣ አሞሃል» አለችው።

«እርጅና ነው።»

«እኔስ አላረጀሁም እንዴ? መቼ ካውያ ታቅፌ ተቀመጥኩ?»

«አንቺማ ድሮም እሳት ነሽ» አላት። ነገሩን ለመዝጋት ነው። እሷም ዘጋችው፤ ከልቧ ግን አይደለም።

ሌላም ነገር አስተውላለች። የኮሌታ ገበር ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። ጋሼ ኮሌታ ጨርቅ ነጋዴውን «እያሳጠርክ ትቆርጥልኛለህ» ብሎ ተጣላው። ነጋዴው ቢምል ቢገዘት አልሰማውም፤ እስከ ዛሬም በወጉ አልታረቁም።

ቅሬታ ይዞ የመጣው የመጀመሪያው ሰው ገንዘብ ከፋዩ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ኮሌታ ሰፋኝ መሰለኝ» አለና ጣቶቹን በኮሌታውና በአንገቱ መሃል አስገብቶ አሳየው። ጋሼ ኮሌታ ቁርጡን አየ፣ ስፌቱን አየ። እንከን የለውም። ስፌቱ ካላጠፋ ያጠፋው እንግዲህ ሰውየው ነው።

«ከስተሃል» አለው።

ገንዘብ ከፋዩ ወደ ሆዱ ተመለከተ። ሆዱ እዚያው ነበር። ቢሆንም እንዲህ ያለ ቃል ከባለሙያ አፍ ሲሰማ ደስ ይላል። አመስግኖ፣ ኮሌታውን ሳያስጠብብ ሄደ። ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ ያንኑ ቃል እየተቀበለ ሄደ፣ እንዲያውም አንዳንዱ ቃሉን ለመስማት ብቻ ብቅ ይል ጀመር። ከሁሉ የባሰው ዳይሬክተሩ ነው። ኮሌታው መስፋቱን ያየ ቀን ሠራተኛውን ሰብስቦ ስለ ጤናና ስለ ራስ ቁጥጥር ንግግር አደረገ፤ በየመሃሉ ጣቱን ኮሌታው ውስጥ እየከተተ ያሳያል። በማግስቱ አሳንሰሩን አዘጋና ሰው ሁሉ በደረጃ እንዲወጣ አዘዘ። የእሱ ቢሮ ምድር ቤት ነው።

መክሳት ግን ሁለት ፊት አለው። የአንዱ ሹም አማት «ሰው ሳይራብ ከከሳ ስኳር ነው» ብለው አንድ ቃል ጣል አደረጉ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ትናንት በመክሳቱ ሲኩራራ የነበረው ክራቫታም ሁሉ ክሊኒክ ደጃፍ ተሰለፈ። ዳይሬክተሩም ፈራ። ሲመረመር እንዳይታይ ፈራ፣ ሳይመረመር መቅረትም ፈራ፣ መርፌውን ደግሞ ከሁለቱም አብልጦ ፈራ።

«ጋሼ፣ አብረኸኝ ና» አለው። «ብቻዬን ያየኝ ሰው ታመመ ይላል። ከአንተ ጋር ከሆንኩ አንተን ላሳክም የመጣሁ ይመስላል።»

አብሮ የሄደ አብሮ ይወጋል። ነርሷ የዳይሬክተሩን ጣት ወግታ ስትጨርስ «እርስዎስ?» አለችው፤ ጋሼ ኮሌታም ለደንበኛው ክብር ሲል ጣቱን ሰጠ። የዳይሬክተሩ ደም እንደ ምንጭ ውሃ ንጹሕ ሆነ። ጋሼ ኮሌታን ግን ባዶ ሆድዎን ተመልሰው ይምጡ አሉት፤ ተመልሶ ሲመጣም ወደ ስኳር ሐኪሙ ክፍል መሩት። «ስኳር ይዞዎታል አንልም» አለው ሐኪሙ። «ደፉ ላይ ቆመዋል። አንድ እግርዎ ገና ውጭ ነው።»

የስኳር ሐኪሙ ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ሁሉን ነገር ይለካል። ከኪሱ ሜትር አውጥቶ የጋሼ ኮሌታን አንገት ለካ። ጋሼ ኮሌታ ያን ቀን መርፌው ያላሳመመውን ያህል ይህ አሳመመው። በዕድሜው ሙሉ አንገቱ ላይ ሜትር ያረፈበት የመጀመሪያው ቀን ነው።

«አየህ… ማለቴ፣ አዩ» አለ ሐኪሙ። «ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ኢንሱሊን ነው፤ ከቆሽት ይመነጫል። አንገቱ የወፈረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኢንሱሊን ሞልቶት ሰውነቱ አልታዘዝም ይለዋል። የእርስዎ አንገት ወፍራም ነው። ስለዚህ ምግብ ይቀንሱ፣ ይራመዱ።»

የጋሼ ኮሌታ ሱሪ በቀበቶ ተጎትቶ ነበር የቆመው። ሐኪሙ ግን ከአንገት በታች አልወረደም።

ሰውየው ታዛዥ ነው፤ ዳቦ ተወ፣ ምሳ ተወ፣ መራመድ ጀመረ። ጉንጩ ጎደጎደ፣ ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ተበሳለት፣ አንገቱ ግን እዚያው ነበር። ስኳሩም እንደገና ሲታይ ከደፉ ወደ ውስጥ ጥቂት ገፋ ብሎ ተገኘ።

«ተደብቀው ይበላሉ» አለ የስኳር ሐኪሙ። ቀጥሎም ወደ ሚስቱ ዞረ። «ወይም እርስዎ ደብቀው ያበሉታል።»

እዚያ ክፍል ውስጥ ቆሽቱ የደከመው ባልየው ነበር፣ ቆሽቷ ያረረው ግን ሚስትየዋ። «ዶክተር፣ ይሄ ሰው ሱሪው እየወለቀ ነው። ወፍራም የሚሉት የትኛውን ነው?» አለችው። መልስም አልጠበቀችም። ባሏን ክንዱን ይዛ አስወጣችውና በኮሪደሩ ሌላ ጫፍ ወዳለው ክፍል ወሰደችው። የሆርሞን ሐኪሟ እዚያ ነች። ሁለቱ ሐኪሞች በአንድ ኮሪደር ይሠራሉ፤ አንዱ ስኳርን፣ አንዷ አንገትን ይዘው፣ ጠዋት ጠዋት እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ይለያያሉ።

የሆርሞን ሐኪሟ ሜትር አላወጣችም። ውሃ ሰጠችውና «ጎንጨት ይበሉና ይዋጡ» አለችው። ሲውጥ አንገቱን አየች፤ ከኋላው ቆማም በጣቶቿ ዳሰሰችው።

«አንገትዎ ማበጥ የጀመረው መቼ ነው?»

«አንገቴ አላበጠም» አለ ጋሼ ኮሌታ። «የእኔ አንገት መለኪያ ነው።»

ሐኪሟ ሚስቱን አየቻት። ሚስቱ ጣሪያውን አየች።

ደም ተወሰደ፣ አንገቱ በማሽን ታየ። ሌላ ቀን ደግሞ ጣፋጭ ውሃ አጠጥተው እያቆዩ ደሙን ደጋግመው ቀዱት። ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሟ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። «በሽታ እንዲከላከል የተሰጠን ኃይል አለ» አለችው። «የእርስዎ ግን የገዛ እጢዎን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እየወጋው ነው። ታይሮይድ የሚባለው፣ እዚህ አንገትዎ ላይ ያለው። ብርዱም ድካሙም ድምፅዎም ከዚያ ነው። ዘበኛ ሌባ መስሎት የቤቱን ሰው ሲደበድብ ማለት ነው።»

«ታዲያ እንዲህ ያለ ዘበኛ አይባረርም?»

«አይባረርም። እውነተኛውን ሌባ የሚጠብቅልዎትም እሱ ነው።»

«ስኳሩስ?» አለች ሚስቱ።

«እሱን ነው የምነግራችሁ። እንዲህ ያለ የታይሮይድ ሕመም ያለበት ሰው ስኳሩ ደፍ ላይ ሲደርስ፣ አንዳንዱ ላይ ቆሽቱ የሚያመነጨው ኢንሱሊን ራሱ አነስ ብሎ ይገኛል። ለምን እንደሆነ ገና እየተጠና ነው፤ አውቃለሁ ብል ዋሸሁ። የእርስዎ ግን እንዲያ ነው። ሰውነትዎ አልታዘዝ ብሎ አይደለም፣ ትእዛዙ ራሱ እያነሰ ነው። ስለዚህ መራብ አይፈውስዎትም፣ ያደክምዎታል እንጂ። በሰዓቱ፣ በልኩ ይብሉ። ለአንገትዎ ክኒን እሰጥዎታለሁ። ስኳርዎን ደግሞ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንከታተለዋለን።»

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችው። እብጠቱ በቶሎ ያደገ ከሆነ ሌላ ነገር እንዳይሆን መርፌ አስገብታ ናሙና መውሰድ አለባት። በብዙ ዓመት ቀስ ብሎ ያደገ ከሆነ ግን፣ ማሽኑም ክፉ ስላላሳየ፣ አያስፈልግም። «ድሮ ይለብሱት የነበረ ሸሚዝ የለዎትም? ኮሌታውን ባየው ይጠቅመኛል።»

«የእኔ አሮጌ ሁሉ መጥረጊያ ሆኗል» አለ ጋሼ ኮሌታ።

«ሞልቷል» አለች ሚስቱ። «የከተማው ወንድ ሁሉ ለብሶታል።»

ሐኪሟ አልገባትም፤ ሚስቱም አስረዳቻት። ጨርቁ አንገቱ ላይ እንዴት እንደሚጠመጠም፣ ጣት እንዴት እንደሚደመርና እንደሚቀነስ፣ ገበሩ ለምን ያልቅ እንደነበረ። ጋሼ ኮሌታ አጠገቧ ተቀምጦ ሲሰማ ቆየና ያኔ ነገሩ ገባው። ማንም አልከሳም። ገንዘብ ከፋዩ አልከሳም፣ ዳይሬክተሩ አልከሳም። ስንቱን ሰው «ከስተሃል» ብሎ ሸኘ! ሲኮራበት የኖረው ልኩ ከእጁ የወጣው መቼ እንደሆነ እንኳ አያውቅም። አፈረ። ከበሽታው ይልቅ ይህ አስጨነቀው።

ቤት ሲገቡ ሸሚዞቹን እንደማይሰበስብ ነገራት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት። «መርፌው ይሻለኛል» አለ። «አንገቴን ትውጋው። እኔ ግን ሰው ፊት ቆሜ ኮሌታ መቁረጥ አላውቅም አልልም። ይህን ካልኩ ማን ነኝ?»

ሚስቱ የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች። «እኔ የምፈራውን ልንገርህ? መኪናው ላይ ስታንቀላፋ ድምፅህ ሲጠፋ መርፌዬን አቁሜ ትንፋሽህን ነው የማዳምጠው። እህል ከልክዬህ ስትከሳ ሳይህ ከረምኩ፤ እያበላ እንደሚገድልህ ሰው ተቆጠርኩ። አሁን ደግሞ ለሰው ኮሌታ ብለህ አንገትህን ለመርፌ ትሰጣለህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልክ ስንቱን መክረሃል?»

ጋሼ ኮሌታ እንዲህ ፈርታ መክረሟን አላወቀም ነበር፤ ከዓይኗ ያየው ያኔ ነው። በነጋታው በየደንበኛው ላከ፦ አዲሱንም አሮጌውንም ሸሚዛችሁን ይዛችሁ ኑ።

መጡ። አሮጌ ኮሌታ በነጻ ሊገለብጥልን ነው ብለው፣ አቅፈው መጡ። ሱቁ ጠቦ ግማሹ ደረጃው ላይ ቆመ። ሚስቱ ሸሚዞቹን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ዳር እስከ ዳር፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ደረደረቻቸው። የአንዱን ሰው ኮሌታ ከአሮጌው ጀምሮ ላየ፣ እየሰፋ እየሰፋ ሲሄድ ዕውርም በዳበሳ ያውቀው ነበር።

ጋሼ ኮሌታ አንገቱን ደፍቶ ጀመረና መሃል ላይ ቀና አለ። «የከሳችሁት እናንተ አይደላችሁም» አላቸው። «የወፈርኩት እኔ ነኝ። አንገቴ ታሞ ነበር፣ በእሱ ስለካችሁ ኖርኩ። አጥፍቻለሁ።»

ይስቁብኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። የሳቀ የለም። እንዲያውም ሁሉም ተቆጡ።

«ጋሼ፣ ራስህን እንዲህ አታዋርድ» አለ ገንዘብ ከፋዩ፣ ሆዱን በሸሚዙ እየሸፈነ። «አንገትህ ምንም አልሆነም።»

«እኔ የከሳሁት በደረጃ ነው» አለ ዳይሬክተሩ። «ሠራተኛው በሙሉ ምስክሬ ነው።»

አንዱ የሐኪም ስህተት ነው አለ፤ አንዱ ጨርቁ ሲታጠብ ይለጠጣል አለ። እንዲህ እየተባባሉ፣ አንገታቸውን እያሻሹ ወጡ። ሸሚዞቹን ግን ትተዋቸው ነበር፤ ሚስቱም ጠቅልላ ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ሐኪሟ አንድ በአንድ አየቻቸው። «ዓመታት የፈጀ ነው» አለች። «መርፌ አያስፈልግም።» ሚስቱ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው።

ይህ ሁሉ ለስኳር ሐኪሙ በተነገረው ጊዜ፣ «አንገት መለካት ትክክለኛ አሠራር ነው» አለ አሉ። «ጥፋቱ የአንገቱ ነው።» ጋሼ ኮሌታ ይህን ሲሰማ ሊስቅበት ፈለገና አልቻለም፤ የገዛ ራሱን ድምፅ የሰማ መሰለው።

ክኒኑን ጀመረ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሹራቡን አወለቀ፣ ድምፁም ጥርት እያለ መጣ። ስኳሩ እዚያው ደፉ ላይ ነው፤ ወደ ውስጥ መግባቱን ግን ለጊዜው አቁሟል። ደንበኛ ሳሳ። የሰው አንገት በሜትር መለካት ከጀመረ ወዲህ እውነተኛ ቁጥሩን ሰምቶ ደስ ብሎት የወጣ ሰው የለም፤ ሌላ ሰፊ ዘንድ የሄደው ብዙ ነው።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ዳይሬክተሩ ብቻውን መጣ። በብብቱ ነጭ ጨርቅ ይዟል። በሩን ከኋላው ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ክኒኑ አንገትህን ይመልሰዋል ይባላል፤ እውነት ነው?»

«ሊቀንስ ይችላል ብላለች ሐኪሟ። እንዲያውም ቀነስ ያለ መስሎኛል።»

ዳይሬክተሩ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «እንግዲያው ሳትድን ጥቂት ሸሚዝ ቁረጥልኝ። ቶሎ። በዚያው በቀድሞው አንገት። ክኒኑንም ለጊዜው ብታቆየው።»

መስኮቱ ሥር የሚስቱ መርፌ ቆመ። ጋሼ ኮሌታ ጨርቁን ዳሰሰው። ጥሩ ጨርቅ ነው፤ ዳይሬክተሩም ከወጣትነቱ ጀምሮ ያላሳፈረው ደንበኛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዕድሜው መልሶ አያውቅም።

«ጌታዬ» አለ፣ «እርስዎ ቀጭን እንዲሆኑ እኔ ታምሜ ልኑር ነው የሚሉኝ?»

ዳይሬክተሩ ተከፋ። እንዲህ ክፉ ሰው ተደርጎ መታየቱ አሳዘነው።

«ኧረ እኔ ኑር አላልኩም» አለ። «እስከ ዓመታዊው ስብሰባ ድረስ ብቻ ነው።»

ጋሼ ኮሌታ ጨርቁን በመልኩ አጥፎ ብብቱ ሥር መለሰለት፣ በሩንም ከፈተለት። ከዚያ ሚስቱን «ምሳ አቅርቢ» አላት፤ ሰዓቱ ደርሶ ነበር።